ሁለቴ የሚረገጠው ፍሬን

ከዋናው መንገድ ገባ ሲሉ፣ በቀለም መደብሩና በፎቶ ቤቱ መካከል ተጣብቃ የቆመች አንዲት የልብስ ስፌት ቤት አለች። በሯ ላይ ጽሑፍ የለም። ቢሆንም የሚሳሳታት ሰው የለም፤ የሰፈሩ ሰው በሙሉ «የጋሽ ለጊዜው ቤት» እያለ ያውቃታል። ልብስ ሰፊው ይህን ስም ያተረፈው ከገዛ አፉ ነው። የተሰበረ፣ የላላ፣ የተቀደደ ነገር ካየ እጁ አያርፍም። ከኪሱ ከማይጠፉት ከክሩ፣ ከሽቦውና ከላስቲኩ አንዱን ይመዝና ጠቅ ጠቅ አድርጎ ሲያበቃ «ይኸው፣ ለጊዜው ይይዛል!» ይላል። የጎረቤት የበር ማጠፊያ፣ የተማሪ ቦርሳ፣ የፎቶ ቤቱ ወንበር እግር፣ ሁሉም በእሱ እጅ ለጊዜው ተይዘዋል። ለጊዜው እንደተያዙ አሥር ዓመት ያለፋቸውም አሉ።

እስቲ አሁን ይህን ሰው ማን ይጠላዋል? ማንም። ሰው ወዳድ ነው፣ ሳቂታ ነው፣ የሰፋው ኮት ትከሻ ላይ ሲያርፍ ባለቤቱን ቀና ያደርገዋል። እዚህ የማወራው ስለ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ሰው ቢሆንማ ታሪኩ ለሁላችንም በቀለለን ነበር።

መኪና አለችው፤ ከአንድ ልጁ በሦስት ዓመት የምትበልጥ። ባለቤቱ «የልጄ ታላቅ እህት» እያለች ነበር የምትጠራት። የሾፌሩ በር ከውስጥ አይከፈትም፤ እጅን በመስኮት አውጥቶ ከውጭ መክፈት ነው። የኋላው መስኮት መስታወት ቁልቁል እንዳይወርድ የእንጨት ሽብልቅ ተሰክቶበታል። ጭስ ማውጫው በልብስ መስቀያ ሽቦ ተንጠልጥሏል፣ የሞተሩ ክዳን የሚታሰረው በአሮጌ የሱሪ ቀበቶ ነው፣ ክላክሱ የሚጮኸው ከመሪው ሥር የወጡ ሁለት ሽቦዎች ሲነካኩ ነው። የሚያንጠባጥበው ራዲያተር ደግሞ በሳሙና ተደፍኗል። ልብስ ሰፊው በዚህ ሁሉ አያፍርም፤ እንዲያውም ይኮራል። «መኪና የሚነዳ ሞልቷል፤ መኪናውን የሚያውቅ ግን ስንቱ ነው?» ይላል፣ በተለይ ሰሚ ካገኘ።

አንድ ነገር እንዳይረሳ፤ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ቸግሮት አልነበረም። ጋራዥም አልራቀውም፣ ማሠሪያ ገንዘብም አላጣም። መኪናዋን ለሌላ ሰው እጅ ትቶ፣ አንድ ሁለት ቀን በእግሩ መሄዱ ነበር የማይሆንለት። ከዚያም በላይ ዘዴኛ መባል ይወዳል።

ስፌት ቤቱ ውስጥ ባለቤቱ ከጎኑ፣ መስኮቱ ሥር፣ ትራስ የተነጠፈበት ወንበር ላይ ተቀምጣ አዝራር ትተክላለች። የአዝራሩን ቀዳዳም በእጇ ነው የምትሰፋው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሥራቸው እንዲህ ነበር፤ እሱ ይቆርጣል፣ ይሰፋል፣ እሷ ትጨርሳለች። የእሷ እጅ ያልነካው ሸሚዝ ከዚያ ቤት አይወጣም። እጇ ሲሠራም አፏ ሥራ አይፈታም።

«አንተ ሰው፣ ይህችን መኪና አንድ ቀን እንኳ ጋራዥ አስገብተህ በወጉ አሠራት» ትለዋለች።

«ምኗ ይሠራ? ስትሄድ ትሄዳለች፣ ስትቆም ትቆማለች። ከመኪና ሌላ ምን ይፈለጋል?»

«እኔ አዝራር ሲላላ ፈትቼ እንደገና እተክለዋለሁ እንጂ በመርፌ ቁልፍ አያይዤ ለሰው አልሰጥም።»

«አንቺማ ነገር ታጠብቂያለሽ።»

«አዝራር ቢወልቅ ደረት ነው የሚታየው። መኪና ሲወልቅስ ምን ይታያል?»

ልብስ ሰፊው ይስቅና የማሽኑን ፔዳል ይረግጣል። የማሽኑ ጩኸት የሚስቱን ድምፅ ይውጠዋል፤ ነገሩም በዚያው ያልፋል።

ከሦስት ዓመት ገደማ በፊት አንድ ቀን ግን ፍሬኑ ራሱ አስደነገጠው። ሲረግጠው ፔዳሉ እስከ ወለሉ ድረስ ወረደ። አንስቶ እንደገና ሲረግጠው ያዘ። ይህ በሽቦና በክር የሚሆን እንዳልሆነ ገባውና ቀስ እያለ ወደ ጋራዥ ነዳት። መካኒኩ በልጅነቱ የትምህርት ቤት ልብሱን የሰፋለት ጎልማሳ ነው። ከመኪናዋ ሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣

«ጋሼ፣ የፍሬኑ ፓምፕ ውስጥ ዘይቱን የሚይዘው ጎማ አልቋል» አለው። «ለዚህ ነው አንዴ ሲረግጡት ባዶ የሚሆንብዎት።»

«ሁለቴ ስረግጠው ግን ይይዛል።»

«ሁለቴ ሲረግጡትማ ግፊቱ ተመልሶ ይነሳል። ይኼ ግን ፍሬን አይባልም። እዚሁ ትተዋት ይሂዱ፤ ዕቃው ሲመጣ ቀይሬ እደውልልዎታለሁ።»

«የተማሪ ዩኒፎርም ተደራርቦብኝ እንዴት ትቻት እሄዳለሁ? ዕቃው እስኪመጣ ለጊዜው ሁለቴ እየረገጥኩ እነዳታለሁ።»

መካኒኩ ራሱን ነቀነቀ። «ከሳምንት እንዳያልፍ ታዲያ» አለ። ከዚያ ሳቀ። «እርስዎ መቼም ዘዴ አያጡም» ብሎ የመኪናዋን ቁልፍ ሰጠው። ይህችን ሳቅ ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ዕቃው በሳምንቱ መጣ። መካኒኩ ደወለ፤ ልብስ ሰፊው «ነገ» አለ። በወሩ ደወለ፤ «ዩኒፎርሙን ልገላገል» አለ። ሦስተኛ ጊዜ አልደወለም። ጎማዋ ያለችበትን ትንሽ ካርቶን ላይዋ ላይ በእስክሪብቶ «ጋሽ ለጊዜው» ብሎ ጽፎ መደርደሪያ ላይ አኖራት። እዚያው አቧራ ለበሰች።

ልብስ ሰፊው በመጀመሪያው ሳምንት እያሰበ ነበር ሁለቴ የሚረግጠው፤ አንዴ ቀለል አድርጎ፣ ቀጥሎ ጠንከር አድርጎ። በሁለተኛው ወር ማሰቡ ቀረ። እግሩ ሠላሳ ዓመት የስፌት ማሽን የረገጠ እግር ነው፤ አንዴ ከለመደ በራሱ ይሄዳል። ዓመት ሲሞላው አንድ ሰው «ፍሬንህ እንዴት ነው?» ብሎ ቢጠይቀው «ደህና ነው» ይል ነበር፤ መዋሸቱም አልነበረም። እግሩ ያውቃል፣ ጭንቅላቱ ረስቷል። ባለቤቱ ደግሞ መኪና ነድታ አታውቅም፤ ባሏ ከመሪው ሥር በእግሩ ምን እንደሚሠራ ጎንበስ ብላ የምታይበት ምክንያት አልነበራትም።

እንግዲህ ወደዚያ ሳምንት እንምጣ።

ልብስ ሰፊው ወፍራም ሸራ ሲሰፋ የማሽኑ መርፌ ተሰብሮ ቀኝ እጁን ወጋው፤ እጁ እስከ አንጓው በፋሻ ተጠቀለለ። በማግስቱ ደግሞ ባለቤቱ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ አላት። ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት ካቃታት ሰነባብታለች፤ ይህን ቀጠሮ ለማግኘት አምስት ወር ጠብቃለች።

«እኔ እወስዳታለሁ» አለች ልጃቸው። የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ናት፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣች ሦስት ወሯ ነው።

«ኧረ በታክሲ እንሄዳለን፣ ምን አስቸኮላት» አለች እናት።

«መኪና ደጅ ቆሞ ታክሲ?» አለ ልብስ ሰፊው፣ እንደተሰደበ ሰው ቅር ብሎት። ቃሉ ቃል ነውና ነገሩ በዚያ ተቆረጠ።

ጠዋት ሦስቱም መኪናዋን ከበው ቆሙ። ልብስ ሰፊው በፋሻ የተጠቀለለ እጁን እያወዛወዘ የመኪናዋን ጠባይ ለልጁ ማስረዳት ጀመረ።

«በሩን ከውጭ ነው የምትከፍቺው።»

«እሺ አባዬ።»

«ይችን ሽብልቅ እንዳትነኪ። ክላክስ ካስፈለገሽ ሁለቱን ሽቦዎች አነካኪ፤ ብልጭ ቢልብሽ አትደንግጪ። ሦስተኛ ማርሽ እንዳይዘል በጉልበትሽ ደገፍ አድርጊው። እንፋሎት ካየሽ ቁሚና ውሃ ጨምሪ፤ ክዳኑን በጨርቅ ይዘሽ ታዲያ።»

ልጅቷ እንደምታስተምራቸው ሕፃናት በጣቷ እየቆጠረች ትደግመዋለች። አሥሩም ጣቶቿ አለቁ።

«ይኼ መኪና ነው ወይስ አማት?» አለች እናት። ሦስቱም ከልባቸው ሳቁ።

«ሌላስ አባዬ? የቀረ ነገር አለ?»

ልብስ ሰፊው ዓይኑን ጨፍኖ አሰበ። የምሩን ነው ያሰበው። በሐሳቡ ከበሩ ተነስቶ እስከ ጭስ ማውጫው መኪናዋን ዞራት፤ እጁ ያሰረውን፣ እጁ የደፈነውን ሁሉ አንድ በአንድ ቆጠረ።

«አለቀ» አለ።

ባለቤቱ ከልጇ ጎን ገብታ ተቀመጠች። መኪናዋ ስትነሳ በመስኮት አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ «የሰማያዊውን ሸሚዝ አዝራር ስመለስ ነው የምጨርሰው፤ መርፌው እዚያው ተሰክቷል፣ ማንም እንዳይነካብኝ!» አለችው። እሱም ደኅናውን እጁን አውለበለበላት።

አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ልብስ ሰፊው በግራ እጁ ጨርቅ ሲያጣጥፍ የፎቶ ቤቱ ባለቤት በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። ስልኩን ጆሮው ላይ ይዟል። ልብስ ሰፊው መጀመሪያ ያየው የሰውዬውን ከንፈር ነው። ከዚያ በኋላ ጨርቁ ከእጁ እንዴት እንደወደቀ አያውቅም።

መንገዱ ከሰፈሩ ከወጣ በኋላ ቁልቁል ይወርድና መስቀለኛ ላይ ያደርሳል። ሰፈር ውስጥ ቀስ ብላ ስትነዳ ፍሬኑን ጠንከር አድርጋ መርገጥ ያላስፈለጋት ልጅ እዚያ ስትደርስ አንድ የውሃ ቦቴ መንገዱን ያቋርጥ ነበር። መኪናዋ ሳትቆም ሄዳ ከቦቴው ጎን ገባች። የተመታው የእናት ወገን ነው። ልጅቷ የትከሻዋ አጥንት ተሰበረ። እናት ሆስፒታል ደርሳለች፤ የዓይን ሐኪሙ ጋ ግን አልደረሰችም።

የትራፊክ ፖሊሱ መንገዱን ለካ፣ ፎቶ አነሳ። የመኪናዋ ፊት ተጨፍልቆ ስለነበር ከውስጡ የሚታወቅ ነገር አልነበረም። አስፋልቱ ላይ ግን የፍሬን ምልክት የለም። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ አሽከርካሪዋ ፍሬን እንዳልያዘች፣ ምናልባትም በልምድ ማነስ ተደናግጣ ነዳጅ እንደረገጠች ተጻፈ። ልጅቷ ይህን አንዴ አነበበች፣ ደገመች፣ ከዚያ አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ሰዎች ቤቱን ሞልተው ሳለ፣ አንድ ክንዷ በጨርቅ የታሰረው ልጅ ከጓዳ ወጥታ አባቷ እግር ላይ ወደቀች።

«ረግጬ ነበር አባዬ። ረግጫለሁ ብዬ ነበር። ነዳጁን ነው መሰለኝ የረገጥኩት። እናቴን ገደልኳት። ይቅር በለኝ።»

ልብስ ሰፊው ጎንበስ ብሎ በደኅናው እጁ ፀጉሯን ደባበሰና፣ «ተነሺ ልጄ። ይቅር ብዬሻለሁ» አላት። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ አለቀሰ። «እንዴት ያለ አባት ነው! ሌላ ሰው ቢሆን ዓይንሽን ላፈር ይላት ነበር» እየተባባለ ወጣ። ይህ ሙገሳ በሰፈሩ ዞሮ ዞሮ ልብስ ሰፊው ጆሮ ደረሰ፤ እሱም በሐዘኑ ውስጥ ትንሽ ተጽናናበት። ልብ በሉ፣ እስከዚህ ሰዓት ድረስ ይህ ሰው ምንም አላወቀም ነበር።

ሐዘኑ ወር ሲሆነው ፖሊስ መኪናዋ ውስጥ የቀረውን ዕቃ መጥታችሁ ውሰዱ አለ። የልብስ ሰፊው እጅ ገና ስላልታጠፈለት መካኒኩ በራሱ መኪና ይዞት ሄደ። ከፊታቸው ያለ አውቶቡስ ድንገት ሲቆም መካኒኩ ፍሬን ያዘ፤ ከጎኑ የተቀመጠው ሰውዬ ቀኝ እግርም ባዶውን ወለል ረገጠ። አንዴ ቀለል አድርጎ፣ ቀጥሎ ጠንከር አድርጎ።

መካኒኩ አየ። በሚቀጥለው መስቀለኛ ላይም እግሩ ያንኑ ደገመ፤ ጠቅ፣ ጠቅ።

«ጋሼ፣ እግርዎ ምን ሆነ?»

«ምን ሆነ?»

መካኒኩ መኪናውን ዳር አስይዞ ሞተሩን አጠፋ። ሁለት እጆቹን ከመሪው አላነሳም።

«ያቺን ጎማ ሌላ ቦታ አስቀይረዋታል ብዬ ነበር። አስቀይረዋት ነበር፣ አይደል ጋሼ?»

ልብስ ሰፊው ዓይኑ እግሩ ላይ ተተክሎ ቀረ። የገዛ ጫማውን ከዚያ ቀን በፊት አይቶት የማያውቅ ይመስል ነበር።

«ለልጅቷ ነግረዋት ነበር?»

ከሰውዬው ደረት የወጣው ድምፅ የለቅሶ ድምፅ አልነበረም፤ መካኒኩ እንዲያ ያለ ድምፅ ከሰው ሰምቶ አያውቅም። ልብስ ሰፊው በሩን ከፍቶ መንገድ ዳር ቁጭ አለ። ልጅቷ ረግጣ ነበር። እንደ ማንኛውም በወጉ እንደተማረ ሰው ረግጣ፣ ፔዳሉ ሲወርድባት በሙሉ ኃይሏ ይዛው ነበር። አንስተሽ እንደገና ርገጪ ያላት ሰው አልነበረም።

«እኔ ነኝ ቁልፉን የሰጠሁዎት» አለ መካኒኩ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ። «የሞተ ፍሬን መሆኑን እያወቅኩ። እየሳቅኩ ነው የሰጠሁዎት ጋሼ።»

ያን ቀን ልብስ ሰፊው ቤቱ ሲገባ ሁሉንም ለልጁ ሊነግራት ቆርጦ ነበር። ልጅቷን ግን ትኩሳት ይዟት ተኝታ አገኛት። ለጊዜው ትረፍ አለ። በማግስቱ ትንሽ ምግብ ስትቀምስ አየና፣ ለጊዜው ትበርታ አለ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሌላ ሰበብ አገኘ። ያ የለመደ እጅ አሁንም ሥራውን እየሠራ ነበር፤ በሽቦ ፋንታ ዝምታ ይዞ። እውነቱን ለመናገር የፈራው እሷን ማሳመም አልነበረም። ሚስቱን ያጣ ሰው ልጁንም እንዳያጣ ነው የፈራው።

ልጅቷም ከቀን ወደ ቀን ቀለጠች። ማስተማሩን ተወች። ተማሪዎቿ ሥዕል ሥለው ቢልኩላት ፖስታውን አልከፈተችውም። አንድ ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊው በበሩ ክፍተት አያት። ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ቀኝ እግሯን ወለሉ ላይ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ታመላልሳለች። የትኛውን እንደረገጠች እግሯን እየጠየቀች ነበር።

በአደጋው የተከሰሰችበት ችሎት ሰኞ ሊሆን፣ ቅዳሜ ጠዋት ስፌት ቤት መጣች። የእናቷ ወንበር ላይ አልተቀመጠችም፤ ቆማ ነው የተናገረችው።

«አባዬ፣ ሰኞ ዳኛው ፊት ነዳጅ ነው የረገጥኩት ብዬ አምናለሁ። እንዳትደነግጥ ብዬ ነው።»

«አስታወስሽ እንዴ?»

«አላስታወስኩም። ግን ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? አንተ እንደሆንክ ሁሉንም ነግረኸኛል። አንድም የቀረህ ነገር አልነበረም።»

ልብስ ሰፊው መቀሱን አስቀመጠ። የመቁረጫውን ጠረጴዛ ያዘ።

«ቀርቶኛል» አለ።

«ምን?»

«ቀርቶኛል ልጄ። አንድ ነገር ቀርቶኛል። እግሬን እዪ።» ወለሉን ረገጠ፤ አንዴ ቀለል አድርጎ፣ ቀጥሎ ጠንከር አድርጎ። «ፍሬኑ ሁለቴ ነው የሚረገጠው። አንዴ ከረገጥሽው አይይዝም። ሁለት ዓመት እንዲህ ነው የነዳሁት። ስለለመድኩት ብልሽት መሆኑን ረሳሁት። አንቺ አልተሳሳትሽም። ፍሬኑን ነው የረገጥሽው። እናትሽን እኔ ነኝ የገደልኳት።»

የልጅቷ ቀኝ እግር ከወለሉ ትንሽ ተነሳና ረገጠ። ተነሳና እንደገና ረገጠ።

«ይኼው ነው?» አለች።

«ይኼው ነው።»

«ሁለት ጊዜ ርገጪ ማለት። ይኼው ብቻ።»

«ይኼው ብቻ ልጄ።»

«ይቅር ብዬሻለሁ አልከኝ እኮ» አለች፤ ድምፅዋ አሁን ነው የተሰበረው። «ሰው ሁሉ እያየ እግርህ ላይ ወድቄ፣ አንተ እኮ ይቅር አልከኝ!»

«ያኔ አላወቅኩም ነበር።»

«ካወቅክ ስንት ቀንህ ነው?»

ሊዋሽ ይችል ነበር። «አሥራ ሰባት ቀን» አለ።

እሷም በሩን ከፍታ ወጣች። ወርውራ አልዘጋችውም፤ ቀስ ብላ ነው የዘጋችው።

ሰኞ ልብስ ሰፊው ዳኛው ፊት ቆሞ ከመስኮቱ ሽብልቅ እስከ ፍሬኑ ድረስ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። መካኒኩ ማንም ሳይጠራው መጥቶ አቧራ የለበሰችውን ካርቶን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣ «ይህች መደርደሪያዬ ላይ ሁለት ዓመት ተቀምጣለች፤ መኪናዋን ግን ለቅቄያታለሁ» ሲል መሰከረ። ልጅቷ ነፃ ወጣች። በልብስ ሰፊው ላይ የተወሰነውን ቅጣት እሱ ራሱ ይግባኝ አላለበትም፤ እኛም አንመዝነውም። የከበደው ቅጣት የጠበቀው ከችሎቱ ደጅ፣ ደረጃው ላይ ነው።

«ልጄ፣ አንድ ቃል እንኳ በይኝ» አላት።

ቆመች። ፊቷን አላዞረችም።

«ይቅር በይኝ ስትለኝ ይቅር ብዬሃለሁ ማለት እችላለሁ አባዬ። ሰውም ደስ ይለዋል፣ አንተም ለጊዜው ትተኛለህ። እኔ ግን እንደሱ አድርጌ አልጠግንልህም። ከልቤ የመጣ ቀን መጥቼ እነግርሃለሁ። ካልመጣም አልዋሽህም።»

ይህን ብላ ደረጃውን ወረደች። ልብስ ሰፊው እንደ እናቷ ስትራመድ አያትና እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

አሁን መካኒኩ ጋራዥ በር ላይ በትልቁ የተጻፈ ነገር አለ፤ ፍሬኑ ያልተሠራ መኪና ከዚህ ግቢ አይወጣም ይላል። ብዙ ደንበኛ ተቆጥቶበት ሄዷል፤ እሱ ግን አይስቅም፣ ቁልፍም አይሰጥም። ልብስ ሰፊው ደግሞ ሰው መጥቶ ትከሻውን ሲለካለት፣ ሜትሩን እንደያዘ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ «መኪና አለህ? አንተ ብቻ የምታውቀው ጠባይ አላት?» አብዛኛው ሰው ይስቃል። ከዚያ በኩራት መዘርዘር ይጀምራል፤ ማርሹ እንዲህ ነው፣ መሪው ወደ ግራ ይስባል፣ ኩርባ ላይ እንዲህ ካላደረጉት እንዲህ ይሆናል። ልብስ ሰፊው ሰምቶ ሲያበቃ ሜትሩን ያስቀምጥና መስኮቱ ሥር ያለውን ባዶ ወንበር በጣቱ ያሳየዋል። ታሪኩንም ከመጀመሪያው ይነግረዋል። አንዳንዱ ልብሱን ሳይለካ በቀጥታ ወደ ጋራዥ ይሄዳል።

እናንተም ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ እባካችሁ ዛሬ ራሳችሁን ጠይቁ። መኪና ይሁን፣ የቤት ኤሌክትሪክ ይሁን፣ የጋዝ ምድጃ ይሁን፣ እናንተ ዘዴውን ስለለመዳችሁት ብቻ ደህና የሚመስላችሁ ነገር የለም? የለመዳችሁት ብልሽት አልተሠራም፤ እናንተ ብቻ ማየት ተዋችሁ። ነገ እናንተ በማትኖሩበት ሰዓት የሚነካው የምትወዱት ሰው ነው። እሱ ደግሞ የእናንተ እግር የለውም።

ሰማያዊው ሸሚዝ መርፌው እንደተሰካበት ስምንት ወር ሙሉ መስቀያው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ሚስቱ ማንም እንዳይነካብኝ ብላዋለችና ልብስ ሰፊው አልነካውም፤ ያዘዘው ሰው ቢመጣ ሌላ ሰፍቶ ሰጠው። ባለፈው ሳምንት ግን ልጅቷ ወደ ትምህርት ቤቷ በተመለሰች በሁለተኛው ወር፣ በምሳ ሰዓት ብቅ አለች። ሰላምታ ሰጠችው እንጂ ሌላ አልተናገረችም። ሸሚዙን ከመስቀያው አወረደች፣ ክሩ እንዳይወጣ መርፌውን በጥንቃቄ ይዛ አጣጠፈችውና ወሰደችው።

ትናንት የፎቶ ቤቱ ባለቤት «ልጅህ ላከችልህ» ብሎ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ሰጠው። ሸሚዙ ነው። ከሰባቱ አዝራሮች ሦስቱን እናቷ ናት የተከለችው፤ የቀሩት አራቱ ትንሽ ጠመም ብለዋል። ማስታወሻ አልነበረበትም፤ ልብስ ሰፊው ወረቀቱን ገልብጦ ሁሉ ፈልጓል። ከዚያ መስኮቱ ጋ ወስዶ ከጠማሞቹ አንዱን አዝራር በጣቱ ጎተት አደረገው። ጠብቆ ተተክሏል፤ ፍንክች አላለም።